በረኛው ብቻቸውን የቀሩበት ፎቶ

መካነ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት ፈልጌ ሳይሆን ታዝዤ ነው። የትምህርት ቤታችን የስፖርት ቀን ሲደርስ ርእሰ መምህሩ ጠሩኝና «ያንተ ስልክ ደህና ያነሳል አሉ፤ ለሪፖርት የሚሆን አራት አምስት ፎቶ አምጣልን» አሉኝ። አራት አምስት የተባለውን ሁለት መቶ አድርጌ ተመለስኩ። ለሪፖርቱ ሦስት ተመረጡ። የቀሩትን ልሰርዝ ስል እጄ እምቢ አለኝ። በየምሳ ሰዓቱ እየከፈትኩ ማየት ልማድ ሆነብኝ።

ይህን ያየች አንዲት የእንግሊዝኛ መምህርት ጀማሪ ፎቶ አንሺዎች የሚገናኙበት የስልክ ግሩፕ ውስጥ አስገባችኝ። ግሩፑ በየወሩ አንድ ርእስ ያወጣል። አባላት በርእሱ አንድ አንድ ፎቶ ይልካሉ፤ አዘጋጆቹ ሦስት ይመርጡና ለሁሉም በሚታየው ቻናላቸው ላይ ይለጥፋሉ። ሌላ ሽልማት የለውም። ያን ዓመት የተመረጠው መስክ ስፖርት ስለነበር ርእሶቹ ሁሉ ከዚያ የተቀዱ ነበሩ፤ ፍጥነት፣ ጉልበት፣ ተመልካች፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ይሄዳል።

ለ«ፍጥነት» የመቶ ሜትር ሩጫ ላክሁ። ምንም አልተባልኩም። ለ«ጉልበት» የገመድ ጉተታ ላክሁ። አሁንም ዝም። ለ«ተመልካች» የላክሁት በጣም የምወደው ፎቶ ነበር፤ የተማሪዎቹ ጩኸት እስካሁን ከፎቶው የሚሰማኝ ይመስለኛል። አዘጋጆቹ ግን የሰሙት ነገር አልነበረም። ሦስት ወር ሙሉ ስሜ አልተነሳም።

ታላቅ እህቴ ከዐረብ አገር የተመለሰችው በዚያው ክረምት ነው። ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ መጣችና ከእኔ ጋር ተቀመጠች። መጀመሪያ ሰሞን ብዙ አትናገርም ነበር። ጎረቤት ሊጠይቃት ሲመጣ «አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ» ትልና ወሬውን ወደ ጠያቂው ልጆች ታዞረዋለች። እኛ ቤት ክርስቲያኖች ነን፤ ቃሉ ግን አገሩም የሚለው ነው፣ እሷም ስምንት ዓመት ያለችው ነው።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ ቤት ሲያውለን ስልኬን ተቀበለችኝና ፎቶዎቹን ታይ ጀመር። የመቶ ሜትሩ ሩጫ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ሰውየው የት አለ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ያነሳኸው ሰው ነዋ።»

ስምንት ሯጮች እንዳሉ ላሳያት ብዬ ጣቴን ዘረጋሁ። ጣቴ ሦስቱን ሸፈናቸው። የቀረው ፎቶ ሰማይ፣ የመማሪያ ክፍሎቹ ቆርቆሮ፣ ባሕር ዛፍ፣ አንድ የተገተረች ላምና ብዙ ሣር ነበር።

«አንተ ያነሳኸው ሜዳውን ነው» አለችኝ።

ከዚያ ሩጫው እንዴት እንደነበር ጠይቃኝ በሁለት ጣቷ እየለጠጠች አንዷን ሯጭ ፈለገች። በአራተኛው መስመር ላይ ያለች የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ናት፤ ጥርሷን ነክሳ፣ ሻርፗ ወደ ኋላ ተወጥሮ ትሮጣለች። እህቴ ከግራ ቆረጠች፤ ከላይ ሰማዩን አወረደች፤ ላሟን አስወጣች። ከልጅቷ ፊት ለፊት ግን ባዶ ቦታ ተወች።

«እሱንስ ለምን አትቆርጪውም?»

«የምትሮጥበት ያስፈልጋታላ።»

ይህን የት እንደተማረች ጠየቅኋት። አርብ አርብ ዕረፍት የሚያገኙ ያገር ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ይሰበሰቡ ነበር። ለቤተሰብ የሚላከውን ፎቶ የምታሰናዳላቸው እሷ ነበረች። ከኋላ የሚታየውን የዕቃ ማጠቢያ ትቆርጣለች፤ የሥራ ሽርጡ እንዳይታይ ከደረት በላይ ታስቀራለች፤ ከዓይን ሥር ያለውን ጥቁረት ታሳሳለች። ፎቶ የምታነሳ ሌላ ልጅ ነበረች፤ እህቴ የምትሠራው ከተነሳ በኋላ ያለውን ነበር።

ሥራ ጀመርን። የእሷ አሠራር አንድ ሕግ ነበረው። ፎቶውን ከመንካቷ በፊት «መጀመሪያ የሆነውን ንገረኝ» ትላለች። ማን ከማን ጋር ሲጫወት እንደነበር፣ ኳሷ ከየት እንደመጣች፣ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ትጠይቀኛለች። እኔ እነግራታለሁ፤ እሷ ትቆርጣለች። መጀመሪያ መስሎኝ የነበረው ኤዲት ማለት ቀለም ማድመቅ ነው። እሷ ቀለም የምትነካው መጨረሻ ላይ፣ ያውም በጥቂቱ ነው። ሣሩን አረንጓዴ አድርጌ ሳሳያት «ይኼ የኛ ሣር አይደለም» ብላ መለሰችው።

አንድ ጊዜ ተጣላን። የእግር ኳስ ፎቶ ስታቃና የጎሉ ቋሚ አልስተካከል አላት። ቋሚውን ቀጥ ስታደርገው ትምህርት ቤቱ ይዘማል፤ ትምህርት ቤቱን ስታስተካክል ቋሚው ይዘማል።

«ስታነሳ ስልኩን አጣመህ ይዘኸው ነው።»

«አልነበረም፤ ቋሚው ራሱ ዘማማ ነው።»

አላመነችኝም። በማግስቱ ገበያ ስትሄድ በሜዳው በኩል አለፈች። ስትመለስ «እውነትህን ነው፤ ሜዳውም ራሱ ተዳፋት ነው» ብላ ፎቶውን እንደነበረው አድርጋ ሰጠችኝ።

ብዙ የቆረጥነው ፎቶ ሲሰፋ አሸዋ እየመሰለ አስቸገረን። እህቴ መፍትሔው ቀላል ነው አለች፤ «ቅረብ»። ከዚያ በኋላ ከመምህራን ወንበር ተነስቼ ከመስመሩ ዳር መቆም ጀመርኩ። ሁለት ጊዜ በኳስ ተመትቻለሁ። ሰው እንደሚያስበው ከርቀት አንስቶ በኤዲት ማቅረብ አይቻልም። ያልያዝከውን ፊት የትም አታመጣውም። በኅዳር ወር አንድ ፎቷችን ከሦስቱ ባይገባም አዘጋጆቹ በበጎ ጠቀሱት። የጠቀሱት በአንድ መስመር ነው፤ እኔ ግን ያችን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

አሁን ወደ በረኛው ልምጣ።

በከተማችን የአንጋፋዎች ቡድን አለ። መምህራን፣ ነጋዴዎች፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እሑድ ከሰዓት በኋላ ይጫወታል። በረኛው ሃምሳ ዓመት የሚጠጋቸው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። በዕድሜም በጠባይም የተከበሩ ስለሆኑ ተከላካዮቹ በጨዋታ መካከል እንኳ አንተ አይሏቸውም። ኳስ ሲመጣ «ይውጡ! ይውጡ!» እያሉ ይጮኻሉ። እንግዳ ቡድን ይህን ሲሰማ ይስቃል። ባለቤታቸው ዐረብ አገር ናቸው፤ ሦስቱን ልጆች የሚያሳድጉት በረኛውና የልጆቹ አያት ናቸው።

በየካቲት ከወግዲ የመጣ ቡድን ገጠመን። እኔ ከጎሉ ጀርባ ቆሜያለሁ። የእኛ ቡድን አንድ ለዜሮ እየመራ ሳለ ሊያልቅ ሲል ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠብን። የወግዲው ልጅ ሲመታ ሜዳው ደርቆ ስለነበር ኳሷና አፈሩ አብረው ተነሱ። በረኛው በደረታቸው መለሷት። አፈሩ ግን ዓይናቸው ገባ። በጉልበታቸው ወድቀው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። አምስት የቡድን ጓደኞቻቸው እጃቸውን ዘርግተው እየጮኹ ወደ እሳቸው ሲሮጡ እኔ ፎቶውን አነሳሁ። ፎቶው ውስጥ ሁሉም አለ፤ ሯጮቹ፣ ምቱ የመከነበት መቺ ራሱን ይዞ፣ ከጎን ወጥታ የምትንከባለለው ኳስ። ቀጥሎ ፊሽካው ተነፋ፤ አሸነፍን።

የመጋቢት ርእስ «ሽንፈት» የሚል ሆኖ መጣ።

የሽንፈት ፎቶ አልነበረኝም ማለት አይደለም። ብዙ ነበረኝ። ግን የተሸነፈ ሰው እኛ አገር ብዙ አያሳይም፤ ቦርሳውን ያነሳል፣ ጫማውን ይፈታል፣ ይሄዳል። ፎቶዎቼ ሁሉ ጫማ የሚፈታ ሰው ነበሩ። እህቴ አክስታችንን ልትጠይቅ ወግዲ ሄዳ ነበር። የመላኪያው ቀን ሲደርስ በመምህራን ክፍል ብቻዬን ተቀምጬ የበረኛውን ፎቶ ከፈትኩ።

ከቀኝ ስጀምር አምስቱ ሰዎች ወጡ። ከግራ መቺው ወጣ። ከታች ኳሷ ወጣች። በረኛው በዘማማው ቋሚ ሥር በጉልበታቸው፣ ፊታቸውን በእጃቸው ይዘው ብቻቸውን ቀሩ። ጥቁርና ነጭ አደረግሁት፤ ሰማዩን አጠቆርኩት። ጥሩ ነበር። ዛሬም ጥሩ እንደነበር አልክድም። ከሥሩ «ከመጨረሻው ጎል በኋላ» ብዬ ጻፍኩና ላክሁት።

አንደኛ ወጣ።

ቻናሉ ላይ የእኔ ስምና የመካነ ሰላም ስም ጎን ለጎን ተጽፎ ሳይ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። መምህራን ጨበጡኝ። ርእሰ መምህሩ በሰልፍ ላይ ተናገሩት። የአንጋፋ ቡድን ተጫዋቾች የሆኑ ሁለት መምህራንም ጨበጡኝ፤ አንደኛው ግን ፎቶውን ትንሽ አይቶ «እኔ በዚህ በኩል አልነበርኩም እንዴ?» አለና ወደ ክፍሉ ሄደ።

እህቴ ከወግዲ ስትመለስ ስልኩን ከበር ጀምሬ ነው የሰጠኋት። ቆማ አየችው።

«ምን ሆነው ነው?»

«ዓይናቸው አፈር ገብቶ።»

«ጎሉስ?»

«ጎል አልገባም። አድነውት ነው።»

ስልኩን መለሰችልኝ። ሻንጣዋን ይዛ ገባችና ልብስ ማውጣት ጀመረች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን በረኛው ላኩብኝ። ከትምህርት በኋላ ወደ ሱቃቸው ሄድኩ። ለአንዲት ሴት ጨርቅ እየለኩ ስለነበር ዳር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ሴትዮዋ ስትወጣ ወንበር ሳቡልኝ።

«መምህር፣ እንዴት ነህ? ቤተሰብ ደህና? እኅትህ አማን ነች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። እርስዎስ?»

«አልሐምዱሊላህ።» ሜትሩን ጠቀለሉና መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። «ፎቶውን አየሁት። ወላሂ ቆንጆ ነው። እኔን እንዲህ ያነሳኝ የለም።»

አመሰግናለሁ ልል አፌን ስከፍት ቀጠሉ።

«ባለቤቴም አየችው። ያክስቷ ልጅ ነው የላከላት። ‹አይዞሽ› የምትል ቃል ብቻ ጽፎ ነው የላከላት፤ ተሸንፌ መስሎት ሊቀልድባት ነው። እሷ በሥራ መካከል ነው ያየችው። የኔን መንበርከክ ስታይ ሰው የሞተብኝ መሰላት። ደወለች። ደህና ነን ብላት አላመነችኝም። ሦስቱንም ልጆች አንድ በአንድ ጥራልኝ አሳየኝ አለችኝ። ትንሿ ትምህርት ቤት ነበረች። እሷን እስካሳያት ድረስ ሁለት ሰዓት ቆየ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንሿ ናት የሞተችው ብላ አሰበች።»

ጨርቁን እያየሁ ተቀመጥኩ።

«እኔ በፎቶው አልተከፋሁም» አሉ። «ግን ልጠይቅህ። ያን ቀን ማን ነው የተሸነፈው?»

«ወግዲዎች ናቸው።»

«እኔም እንደዚያ ነበር የማስታውሰው።»

«ተሳስቻለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ጓደኞችዎን የቆረጥኳቸው እኔ ነኝ።»

«አብሽር። እኔ ይቅር ብያለሁ። እሷን ግን አንተው አስረዳት፤ እኔ ብነግራት ለማጽናናት ነው የምትለኝ።»

ስልካቸውን ሰጡኝና በድምፅ መልእክት እንድናገር አደረጉኝ። የማላውቃቸውን ሴት፣ ባለቤታቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ይቅርታ መጠየቅ ከማንኛውም የክፍል ትምህርት ይከብዳል። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰረዝኩት። በአራተኛው መምህር መሆኔን፣ ፎቶውን ያነሳሁት እኔ መሆኔን፣ ባለቤታቸው ያን ቀን ኳስ አድነው ቡድኑን እንዳሸነፉና ፊታቸውን የያዙት አፈር ስለገባባቸው መሆኑን ተናገርኩ። ከዚያ ያልተቆረጠውን ፎቶ ከስልኬ አስተላለፍኩላቸው።

መልሱ የመጣው እኔ ሻይ ተጋብዤ ሳልጨርስ ነው። በረኛው ከፍተው አሰሙኝ። ባለቤታቸው መጀመሪያ እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልለየሁትም። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ዓይኑስ ዳነ?»

ለግሩፑ አዘጋጆች የጻፍኩት በዚያው ምሽት ነው። ሁለቱንም ፎቶዎች አያይዤ የሆነውን ነገርኳቸው። መልሳቸው ጨዋ ነበር። ፎቶ መቁረጥ በሕጋቸው የተፈቀደ መሆኑን፣ ነገር ግን ከሥሩ የጻፍኩት ያልሆነ ነገር ስለሆነ ፎቶውን እንደሚያወርዱት ገለጹ። ሁለተኛ የወጣውን አንደኛ አደረጉ። ግሩፑ ውስጥ ጥቂት ሰው አመሰገነኝ፤ አንድ አባል ደግሞ «ድሮም ያልተማረ ሰው ካሜራ ሲይዝ» ብሎ ጻፈ። በሰልፍ ላይ የተናገሩት ርእሰ መምህር ግን እንደገና በሰልፍ ላይ አልተናገሩም፤ ለተማሪዎቼ ራሴ ነገርኳቸው።

ለእህቴ የነገርኳት ራት ላይ ነው። የበረኛውን ባለቤት ጉዳይ ስነግራት መብላት አቆመች።

«እኔም አንዷን እንደዚያ አድርጌያት ነበር» አለች።

እዚያ ከነበሩት ልጆች አንዷ ወረኢሉ ቤተሰብ ነበራት። ታማ ከስታ ሳለ እህቴ ፎቶዋን ታሰናዳላት ነበር፤ ፊቷን እያቀላች፣ አልጋውን እየቆረጠች። ለእናቷ በየወሩ አንድ ይሄዳል። ልጅቷ በመጨረሻ በሰው ተደግፋ አገር ስትገባ እናቷ «ባለፈው ወር ደህና አልነበርሽም እንዴ?» እያሉ ፎቶውን ያሳዩአት ነበር። አሁን ተሽሏታል። እህቴ ግን ከዚያ ወዲህ የሆነውን ሳትሰማ የማንንም ፎቶ ነክታ አታውቅም።

«ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«እየነገርኩህ መስሎኝ ነበር» አለች። «ንገረኝ ስልህ።»

በረኛው ሙሉው ፎቶ ታትሞ እንዲሰጣቸው ጠየቁኝ። ፎቶ ቤቱ በወረቀቱ ልክ ሲያደርገው ከዳር ያለው አንድ ሯጭ ግማሽ ፊቱ ሊቀር ሆነ። ከላይና ከታች ነጭ እንዲተውልኝ ለመንኩት። «አያምርም» አለኝ። ይሁን አልኩት። አሁን ሱቃቸው ውስጥ ከሜትር ጨርቆቹ በላይ ተሰቅሏል። እሑድ የሚጫወቱት ሲገቡ ራሳቸውን እየፈለጉ ያዩታል።

እኔ ሁለት ወር ምንም አልላክሁም። በግንቦት ሴት ተማሪዎች የመረብ ኳስ ውድድር ነበራቸው፤ እኔ ፈተና ላይ ስለነበርኩ መሄድ አልቻልኩም። እህቴን «ሂጂልኝ» አልኳት። ከመጣች ጀምሮ ሰው ወደ ተሰበሰበበት ቦታ አትሄድም ነበር። ጥቂት አሰበችና ነጠላዋን አደረገች።

ያመጣችው አሥራ አንድ ፎቶ ብቻ ነው። እኔ ብሆን አራት መቶ አመጣ ነበር። አንደኛው ላይ አንዲት ተቀያሪ ልጅ መሬት ተቀምጣ ከጨዋታ የወጣች ጓደኛዋን የጫማ ማሰሪያ ትፈታላታለች፤ የጓደኛዋ እጅ ትከሻዋ ላይ አርፏል። ጨዋታው ከኋላቸው ደብዘዝ ብሎ ይታያል። ላሳምረው ብዬ ዳር ዳሩን ሞከርኩ። ከየትም ብቆርጥ አንድ ነገር ይጎድላል።

«የሆነውን ንገሪኝ እስቲ» አልኳት፤ በተራዬ ለመቀለድ ነው።

እሷ ግን አልቀለደችም። የልጅቷ ጣት ተሰብሮ እንደነበር፣ ማሰሪያውን ራሷ መፍታት እንዳልቻለች፣ ያለቀሰችው ግን በሕመሙ ሳይሆን ከጨዋታው በመውጣቷ እንደሆነ፣ ተቀያሪዋ ደግሞ መግባት ሲኖርባት ጫማውን ሳልፈታ አልገባም ብላ መምህሩን እንዳስጠበቀች ቁጭ ብላ ነገረችኝ። ከመጣች ወዲህ እንደዚህ ብዙ ስታወራ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር።

የወሩ ርእስ «ቡድን» ነበር። በእሷ ስም ላክነው። ሦስተኛ ወጣች። በማግስቱ ሁለቱ ልጆች ቤታችን ድረስ መጡና ፎቶውን በስልካቸው እንድትልክላቸው ጠየቋት። ጣቷ የታሰረው ልጅ በግራ እጇ ነበር ስልክ የያዘችው። እህቴ ሁለቱንም አስቀመጠቻቸውና ቆሎ አቀረበችላቸው።